የእግር ግብር

ከቤትዎ እስከ ገበያ በእግር ስንት ደቂቃ ይወስዳል? እስከ ልጆችዎ ትምህርት ቤትስ? እስከ ወፍጮ ቤቱ? እነዚህን ማንም ሰው ብዙ ሳያስብ ይመልሳቸዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ያን ያህል አይቀልም። ለመሆኑ ይህን ርቀት የወሰነው ማን ነው?

አብዛኞቻችን ርቀትን እንደ ዝናብና እንደ ብርድ ተፈጥሮ የሰጠችን ነገር አድርገን ተቀብለነዋል። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፤ በቃ። ጤና ጣቢያው ከአቀበቱ በላይ ነው፤ ምን ይደረጋል! ዳሩ ግን ትምህርት ቤት በገዛ እግሩ ሄዶ ሩቅ ቦታ አይቆምም። ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የተባለለት እንቁላል ብቻ ነው። አንድ ቀን፣ በአንድ ቢሮ ውስጥ፣ አንድ ሰው ካርታ ዘርግቶ እርሳሱን ያሳረፈበት ቦታ ነው ትምህርት ቤት የሚሆነው። እርሳሱ ሁለት ጣት ወደ ግራ ቢያርፍ ኖሮ የብዙ መቶ ሕፃናት ጠዋትና ማታ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ልጅ ለመሄድ ግማሽ ሰዓት፣ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ቢወስድበት በ200 የትምህርት ቀናት 200 ሰዓት ይራመዳል። በቀን ስምንት ሰዓት የሚሠራ ሰው ቢሆን 25 የሥራ ቀን ማለት ነው። ለአንድ ልጅ፣ በአንድ ዓመት። ይህን እኔ የእግር ግብር እለዋለሁ። ሌላው ግብር አዋጅ አለው፤ ደረሰኝ አለው፤ በዛብኝ የሚል ሰው አቤት የሚልበት ኮሚቴ አለው፤ ከዚህ በታች ገቢ ያለው አይከፍልም የሚል ወለልም አለው። የእግር ግብር ግን ደረሰኝ የለውም። አጣጣሉም የተገላቢጦሽ ነው። ያለው ሰው በመኪናው ያመልጠዋል፤ የሌለው ሙሉውን ይከፍላል፤ ሸክም ያለባት ሴት ደግሞ እጥፍ ትከፍላለች።

ስለ ከተማና ስለ እግረኛ ሲነሣ ወሬው ሁሉ አዲስ አበባን ይዞራል። እዚያም እንደርሳለን። ነገር ግን ጉዳዩ ጥርት ብሎ የሚታየው በመካከለኛ ከተሞች ነውና አንባቢን ወደ ወለጋ ልውሰድ።

ነቀምት ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 331 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ቦታ ተቀምጣለች። የተወለደችው ለመኪና አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዓመት የለቃ ነቀምት ገዥዎች፣ በከሬ ጎዳና፣ ልጃቸው ሞሮዳ፣ የልጅ ልጃቸው ኩምሳ (በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር)፣ እየጠነከሩ ሲሄዱ ቤተ መንግሥቱና ገበያው ሰዉን ሳቡት። ሲራራ ነጋዴው ወርቁን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ዝባዱንና ቡናውን በአጋሰስና በሰው ጫንቃ ጭኖ የሚገባባት የሚወጣባት አገር ሆነች። የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት ዛሬም ቆሞ ይጎበኛል። የዚያን ዘመን ከተማ መለኪያው የሰው እግርና የበቅሎ ኮቴ ስለነበረ ነገሮች ሁሉ ተጠጋግተው መቆማቸው ግድ ነበር። ገበያው ከግቢው፣ ግቢውም ከምንጩ ብዙ ሊርቅ አይችልም።

ይህን ያልኩት ያለፈውን ለማወደስ አይደለም። በሲራራው መንገድ ተገደው የተነዱ ብዙ ሰዎች አሉ። አባ ገመቺስ የሚባሉትን ኦነሲሞስ ነሲብን እናስታውስ። በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ የተወለደው ሂካ ገና ሕፃን ሳለ ተሰርቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ፤ እዚያ በ1870 እ.ኤ.አ. ነጻ ወጣ። ያ ልጅ አድጎ፣ ተምሮ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ፣ በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ነቀምት መጣና ማስተማር ጀመረ። በ1931 እ.ኤ.አ. ያረፉትም እዚያው ነው። አንድ ሰው ሁለት ጉዞ አደረገ። አንዱን እንደ ዕቃ ተነድቶ፣ ሌላውን ሊያስተምር ወድዶ። እግሩ ያው እግር ነው። ስለዚህ ስለ መራመድ ስንነጋገር መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን ‹‹ሰውየው ተራምዷል ወይ?›› ብለን ሳይሆን ‹‹ማን አስገድዶት?›› ብለን ይመስለኛል።

ዛሬ የወለጋን ከተሞች የሚለካቸው መኪናው ነው። ባኮ፣ ነቀምት፣ ጊምቢ፣ ነጆ፣ መንዲ እንደ ጨሌ በአንድ የመኪና መንገድ ክር ላይ ተሰክተዋል። አገር አቋራጩ መንገድ የከተማዋ ዋና ጎዳናም፣ የጉልት መደርደሪያም፣ የተማሪዎች መመላለሻም ነው። ወደ አሶሳ የሚያልፈው ተሳቢ፣ ቡና የጫነው አይሱዙ፣ ደምቢ ዶሎ ሳይመሽበት ሊገባ የሚጣደፈው አውቶቡስ፣ ሁሉም የሚያልፉት ሽሮዋን አስፈጭታ በምትመለሰው እናት ትከሻ አጠገብ ነው። ሾፌሩም አይፈረድበትም። ለእርሱ ጊምቢ ከነቀምት 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የመንገድ ላይ ጣቢያ ናት፤ ለእርስዋ ግን ጊምቢ ቤትዋ ናት። አንድ መንገድ ለሁለት የማይገናኙ ዓላማዎች ሲውል የሚሸነፈው ማን እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

ዝናቡን ደግሞ ይጨምሩበት። ነቀምት በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የሚጥልባት ከተማ ናት። ክረምቱም እንደ ሌላው አገር ሁለት ሦስት ወር ተቆጥሮ የሚያልቅ አይደለም፤ ከግንቦት ጀምሮ መስቀልን አልፎ ይዘልቃል። በእንዲህ ያለ ቦታ፣ እንደ ሌሎቹም ከተሞቻችን፣ የእግረኛ መንገድ ማለት በተግባር የጎርፍ ቦይ ክዳን ማለት ነው። መንገድ ሲሠራ ለውሃው ቦይ ይቆፈራል፤ በቦዩ ላይ የኮንክሪት ክዳን ይጣላል፤ እግረኛው በክዳኑ ላይ ይሄዳል። ለውሃ ታስቦ የተረፈው ለሰው ተሰጠ እንደ ማለት ነው። ክዳኑ የተሰበረ ቀን በጨለማ እዚያ አፍ ውስጥ የሚገባው መኪና አይደለም። ክዳን በሌለበት ቦታ ደግሞ የእግረኛው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ጭቃው፣ ወይ አስፋልቱ።

በአንድ የሐምሌ ጠዋት ነቀምት ውስጥ ከአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተጠግቼ ዝናቡ እስኪያባራ መንገዱን እመለከት ነበር። አንድ ጎልማሳ ቦቲ ጫማ አድርጎ፣ ሱሪውን ቦቲው ውስጥ ከትቶ፣ በአንድ እጁ ጃንጥላ በሌላው ፌስታል ይዞ መጣና ከበረንዳው ተቀመጠ። ከፌስታሉ የተወለወለ ጥቁር ጫማ አወጣ። ቦቲውን አወለቀና በፌስታሉ ከቶ፣ ጥቁሩን ጫማ አጥልቆ፣ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው መሥሪያ ቤት በጣቶቹ ጫፍ እየዘለለ ገባ። የከተማው ሰው ይህን አይቶ አይደነቅም። እኔ ግን ያ ፌስታል ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ይናገራል ባይ ነኝ። ቢሮው የሚፈልገው ያልተራመደ ሰው ነው። ሰውየው ሦስት ኪሎ ሜትር ተራምዶ መጥቶ እንዳልተራመደ መምሰል አለበት።

ቋንቋችንም ይህንኑ ያውቃል። መኪና ያለው ሰው ሐኪም አዝዞት ማለዳ በስፖርት ጫማ ሲሄድ ‹‹ወክ ያደርጋል›› እንላለን። መኪና የሌለው ሰው ያንኑ ርቀት ሥራ ፍለጋ ሲሄድበት ‹‹ይኳትናል›› እንለዋለን። ርቀቱ አንድ፣ ላቡም አንድ ነው። አንደኛውን የለየው ሲፈልግ መተው መቻሉ ነው። በእንግሊዝኛ የተዋስነው ቃል ለተመረጠው፣ የራሳችን ቃል ለተገደደው መዋሉ ደግሞ ለብቻው ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

እንግዲህ ባጃጁ ለምን በዛ ተብሎ የሚነሣው ወቀሳ ከዚህ ላይ ይመጣል። ‹‹ትውልዱ ሰነፈ፤ አምስት መቶ ሜትር ለመሄድ ባጃጅ ይሳፈራል›› የሚሉ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ለእኔ ይህ ፍርድ ችኩል ነው። ያ ወጣት የሸሸው መራመድን ነው? ወይስ የሸሸው ጭቃውን፣ ክዳን የለሹን ቦይ፣ ጆሮው ሥር የሚጮኸውን ጡሩንባ፣ እና ያቺን በፌስታል የተያዘች ጫማ ነው? ገንዘብ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ክብሩን ነው። ከተማው እግረኛን ያዋረደ እንደሆነ፣ ሰው ከውርደቱ ለመውጣት ከመራመዱ ይወጣል።

ከመራመዱ ሲወጣ ግን ሌላ ዕዳ ይጠብቀዋል። በ1953 እ.ኤ.አ. ጄሪ ሞሪስ የተባሉ የብሪታንያ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በለንደን አውቶቡሶች ላይ ያደረጉትን ጥናት ‹‹ላንሴት›› በተሰኘው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። የለንደን አውቶቡስ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፤ ትኬት ቆራጩ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ሁለቱ አንድ መሥሪያ ቤት ይሠራሉ፤ በአንድ መንገድ ይመላለሳሉ። የልብ ሕመም ግን ሾፌሩን በብዙ አብልጦ አገኘው፤ ገና በመጀመሪያው ሲይዘውም የመግደል ኃይሉ በሾፌሩ ላይ ይበረታ ነበር። ዛሬ ዓለም ሁሉ ‹‹ተንቀሳቀሱ›› የሚለው ምክር ከእንዲህ ያሉ ጥናቶች የተነሣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በቀን ሃያ ደቂቃ ጥቂት ያለፈ ማለት ነው። የእኛ ባጃጅ ነጂ ከማለዳ እስከ ማታ በዚያች ጠባብ መቀመጫ ላይ ታጥፎ ይውላል፤ የሞሪስ ሾፌር እዚህም ተወልዷል።

ታዲያ አንድ ብልጥ ተከራካሪ ይነሣና እንዲህ ሊለኝ ይችላል፤ ‹‹እንግዲያው መልካም አይደለም ወይ? ድሃው ይራመዳል፤ መራመድ ጤና ነው፤ ስለዚህ ያንተ የእግር ግብር መድኃኒት ነው።›› ይህ ክርክር የዋዛ አይደለም። እርግጥ ነው፣ ሕዝባችን ብዙ ይንቀሳቀሳል። በ2007 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት በቂ እንቅስቃሴ የማያደርጉት ጎልማሶች ከመቶ አሥር እንኳ አልሞሉም። ይሁንና በዚያው ጥናት የደም ግፊት የተገኘባቸው 16 በመቶ ያህል ነበሩ። እግር ብቻውን ሁሉን አይፈውስም ማለት ነው። ጨው አለ፤ መጠጥ አለ፤ ጭንቀትም አለ።

ክርክሩ የሚወድቅበት ዋናው ቦታ ግን ሌላ ነው። ከድህነት የተገኘ ጤና ድህነቱ ሲሄድ አብሮ የሚሄድ ጤና ነው። ሰውየው ያልመረጠውን ነገር ለመምረጥ ዕድል ያገኘ ቀን ይጥለዋል፤ ልጁንም ‹‹እኔ የተንከራተትኩት ይበቃል›› ብሎ ከመራመድ ያድነዋል። ከዚያም በአርባ አምስት ዓመቱ ሐኪም ፊት ይቀመጥና ‹‹ወክ አድርግ›› ይባላል። የት ሆኖ? በዚያው ቦይ ክዳን ላይ!

እዚህ ላይ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ታሪክ መነሣቱ አይቀርም። አርሲ ውስጥ በልጅነቱ አሥር ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደነበር፣ ደብተሩን በብብቱ ይይዝ ስለነበር አሯሯጡ ላይ ያ ክንዱ እንደታጠፈ መቅረቱን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ታሪኩ ያኮራል። ግን ርቀትን በኃይሌ በኩል ብቻ ስናየው ርቀቱ ራሱ ደግ መስሎ ይታየናል። ከዚያ መንገድ አንድ ኃይሌ ወጣ፤ በዚያው ዓይነት መንገድ ላይ ሁለተኛ ክፍል ሳይጨርሱ የቀሩትን ልጃገረዶች ማን ቆጠራቸው? እናት ‹‹መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጫካው ያስፈራል፣ ትቅር›› ያለቻቸውን? የአሸናፊው ታሪክ የግብሩን ደረሰኝ ያስረሳል።

እንግዲህ አስገዳጅ ያልሆነ፣ የሚያዋርድም ያልሆነ መራመድ ምን ይመስላል? እዚህም ቋንቋችን ቀድሞናል። ‹‹እግረ መንገዴን ልይህ ብዬ ነው›› እንላለን። ‹‹እግረ መንገድሽን ይህቺን ለእማማ አድርሺልኝ›› እንላለን። እግረ መንገድ ማለት ለአንዱ ጉዳይ ስትሄድ ሌላውን መሥራት ነው። ለእኔ የጥሩ ከተማ ፍቺ ከዚህ ቃል ውጪ አይደለም፤ ጥሩ ከተማ እግረ መንገድ ያለው ከተማ ነው። ወፍጮ ቤት ስትሄድ የታመመች ጎረቤት ትጠይቃለህ፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ስታመጣ ጨውና ሳሙና ትገዛለህ፤ ስትመለስ ለቅሶ ትደርሳለህ። እነዚህ ሁሉ ነገሮች እያንዳንዳቸው የባጃጅ ሒሳብ የሚጠይቁ ቢሆኑ ኖሮ ከመካከላቸው ስንቱን እንተወው ነበር? መጀመሪያ የምንተወው የታመመችውን ጎረቤት ይመስለኛል።

የዕድራችንን ነገር እንይ። በድሮው ሥርዓት የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ገና ሳይነጋ በየሠፈሩ እየዞረ ሞት ያረዳ ነበር። የዕድሩ ወሰን እርሱ በእግሩ ሊያዳርሰው የሚችለው፣ ጥሩምባውም ሊሰማበት የሚችለው ሠፈር ነው። ድንኳኑን፣ ብረት ድስቱን፣ አግዳሚውን ወንበር ተሸክሞ የሚያደርሰው ሰው ነውና ዕድር ከሰው ጉልበት በላይ ሊሰፋ አይችልም። በ1929 እ.ኤ.አ. ክላረንስ ፔሪ የተባለ አሜሪካዊ ለኒው ዮርክ አካባቢ ፕላን ባቀረበው ጽሑፍ አንድ ሠፈር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን መካከሉ ላይ አድርጎ፣ ከየቤቱ እስከዚያ ከሩብ ማይል፣ ማለትም ከ400 ሜትር ብዙም ሳይርቅ፣ ትልልቅ መንገዶች በዳሩ እንጂ በመካከሉ ሳያልፉ ቢሠራ መልካም ነው አለ። ሐሳቡ በዓለም ከተማ ፕላን ትምህርት ውስጥ ስሙ የሚጠራ ሆነ። የእኛ ጥሩምባ ነፊ የፔሪን ስም አልሰማም፤ ይኖርበት የነበረው ሠፈር ግን ከዚያ ሐሳብ ብዙ አይርቅም። እንዲያውም በአንድ ነገር ይበልጠዋል። የፔሪ ሠፈር አንድ ዓይነት ኑሮ ያላቸውን ሰዎች ብቻ ያሰባስባል ተብሎ ሲነቀፍ፣ በእኛ ዕድር ውስጥ ግን ባለ ሱቁና እንጀራ ሻጭዋ በአንድ መዝገብ ነበሩ።

ነበሩ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1967 ዓ.ም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰ በኋላ የቀበሌ ቤቶች፣ ጎስቋሎችም ቢሆኑ፣ ድሃውን በከተማ መካከል አቆይተውት ነበር። የሊዝ ሥርዓት መጣ፤ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 ደግሞ ጠበቀ። በመካከል ያለው ቦታ ብዙ ለሚከፍል ሆነ። ድሃው ወደ ዳር ወጣ። ከዳር ወደ መካከል የሚመላለስበት ሰዓት በማንም የሊዝ ውል ላይ አልተጻፈም።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። በኅዳር 2011 ዓ.ም ‹‹መንገድ ለሰው›› ተብሎ ጎዳናዎች በወር አንድ እሑድ ለመኪና ተዘግተው ሰው እንዲራመድባቸውና እንዲሮጥባቸው ተደርጎ ነበር፤ ክልል ከተሞችም ተከትለዋል። የትራንስፖርት ሚኒስቴርም ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ ሞተር አልባ የትራንስፖርት ስትራቴጂ አወጣ። ከግማሽ በላይ የሆነው የአዲስ አበባ ጉዞ በእግር የሚደረግ መሆኑ በወረቀት ላይ ሰፈረ። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ መጣ፤ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ መብራት፣ መቀመጫ። ሥራው ነቀምትን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች ወርዷል። እውነቱን መናገር ይገባል፤ ብዙ ዓመት የተጮኸለት የእግረኛ መንገድ እንዲህ ሰፍቶ ተሠርቶ አይተን አናውቅም። አንዲት አሮጊት ከዘራዋን ይዛ ሳትደናቀፍ ስትሄድበት ማየት ደስ ያሰኛል።

ግን መንገዱ ሲሰፋ ዳር ዳሩን የነበረው ሰው የት ሄደ? ከካዛንቺስ የተነሡ ሰዎች ገላን ጉራ ድረስ ሄደዋል። ቤቱ ከቀድሞው የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ግድግዳው ጭቃ አይደለም፤ መጸዳጃው የጋራ አይደለም። ያንን አላቃልልም። ነገር ግን ያች ካዛንቺስ ቁርስ ሸጣ የምታድር ሴት ደንበኞችዋ የነበሩት በእግር የሚመጡ ነበሩ። ዕድርዋም በእግር የሚደረስ ነበር። ለእግረኛው መንገድ ተሠራ፤ እግረኛዋ ግን ተነሣች። መንገዱን ያሠራው ሐሳብና ሰውን ያነሣው ሐሳብ በአንድ ቢሮ ውስጥ ሳይተዋወቁ የሚኖሩ ይመስላል። ነቀምት፣ ጊምቢ፣ ደምቢ ዶሎ ገና ትናንሽ ናቸውና ይህን ስሕተት ሳይደግሙ የማለፍ ዕድል አላቸው። ከቤተ መንግሥቱ እስከ ገበያው ያለው ነቀምት አሁንም በእግር የሚዳረስ ነው፤ ይህ ሀብት መሆኑን ያወቀ ባለሥልጣን ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

‹‹አገር አቋራጩ መንገድ ከከተማ ይውጣ›› የሚሉ አሉ። በከፊል እስማማለሁ። ተሳቢ በትምህርት ቤት በር ማለፍ የለበትም። ግን አንድ ነገር እናስብ፤ መንገዱ በከተማው ጀርባ ሲዞር ሱቁም፣ ሆቴሉም፣ ጋራዡም መንገዱን ተከትሎ ይወጣል፤ በአሥር ዓመት ውስጥ አዲሱ መንገድ ሌላ ዋና ጎዳና ይሆናል፤ ተማሪዎችም ሁለተኛውን ይሻገራሉ። አዲሱ መንገድ ዳር መገንባት እስካልተከለከለ ድረስ መፍትሔው ችግሩን ሁለት ኪሎ ሜትር ከማዛወር አያልፍም። በእኔ ግምት ከዚያ በፊት በርካሽ የሚሠራ ሥራ አለ፤ የቦዩ ክዳን። አንድ ሜትር አስፋልት ለመጨመር በሚወጣው ገንዘብ ብዙ ክዳን ይጣላል። ኮብልስቶን የተነጠፈባቸው የውስጥ መንገዶች ያመጡትን ለውጥ ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም፤ ከጭቃ ያወጡት መጀመሪያ እግረኛውን ነው። ጉብታ የፍጥነት መቀነሻ በትምህርት ቤት በር ላይ፤ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ። ኦሮሞ ከኦዳ ሥር ተሰብስቦ ሕግ የሚያወጣ ሕዝብ ነው፤ በሆሮ ጉዱሩ ያለው ኦዳ ቡሉቅ ለዚህ ምስክር ነው። የዛፍ ጥላ ለሰው መገናኛ እንደሆነ ለወለጋ ሰው ማስተማር የሚደፍር ኢንጂነር ካለ ይምጣ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ግን የወለጋ አንባቢ ይታዘበኛል። በ2011 ዓ.ም መጀመሪያ ከካማሺ ዞን አዋሳኝ ቦታዎች የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ሰዎች ነቀምት ገብተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት የግጭት ዓመታትም በወለጋ ገጠር ስንት ሰው ቀዬውን ጥሎ ሌሊት ሲሄድ እንዳደረ የሚያውቀው ያውቀዋል። ሽሽት የእግር ግብር የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ሰላም በሌለበት ስለ እግረኛ መንገድ መጻፍ ቅንጦት አይደለም ወይ ለሚለኝ፣ የተፈናቀለው ሰው ከተማ ሲገባ የሚሄደው በምን ሆኖ ይመስልሃል እላለሁ።

አስቀድሜ የእግር ግብር ደረሰኝ የለውም ብያለሁ። አቤት የሚባልበት መስኮት ግን፣ ጠባብም ቢሆን፣ አለ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ አይቶ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዝዛል። በተግባር የሚሆነውን የታደመ ያውቀዋል። አዳራሽ ይሞላል፤ ካርታው ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፤ መኖሪያው በአንድ ቀለም፣ ንግዱ በሌላ፣ አረንጓዴው በአረንጓዴ። ባለሙያው በዘንግ እያመለከተ ስለ ሄክታርና ስለ መንገድ ስፋት ያብራራል፤ ሠላሳ ሜትር፣ ሃያ ሜትር፣ አሥራ አምስት ሜትር። ተሰብሳቢው ያጨበጭባል፤ ጥቂት ሰዎች ተነሥተው ስለ ካሳ ይጠይቃሉ። በዚያ ካርታ ላይ ደቂቃ የሚባል ነገር አይጻፍም። ቢጻፍ ምን ነበረበት? ከዚህ ቀለም እስከዚያ ቀለም ለጎልማሳ ስምንት ደቂቃ፣ ለሰባት ዓመት ልጅ አሥራ አምስት፣ ሸክም ላለባት ሴት ሃያ ተብሎ። እስከዚያው ግን ከኋላ ወንበር አንዲት እናት እጅዋን አውጥታ ‹‹ልጄ፣ ይህ ሁሉ ቀለም ደግ ነው፤ ወፍጮ ቤቱ የቱ ጋ ነው?›› ብትል፣ ባለ ዘንጉ ወደ ካርታው ዞሮ መፈለግ ይኖርበታል።